ስለ ሥዕል ስግደትና ስለ ዜማ፤ ደብረ ብርሃንና የይፋት አፋፍ

ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ደጋው በድንገት ያልቃል፤ መንገዱም በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ይህ አፋፍ በመካከለኛው ዘመን የሁለት ሃይማኖቶች ድንበር ነበረ። በቆላው የይፋት ሱልጣኖች ገዝተዋል፤ ከዘይላ የሚመጣው ንግድም በአገራቸው ያልፍ ነበር። ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ከዚህ ድንበር ብዙ ሳይርቁ ነው።

ንጉሡ 33 የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያምም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዘዙ። ሥዕሏ ሲቀርብ ዕጣን ይታጠናል፤ ሕዝቡም ይሰግዳል። ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ያለውን የማርያምን ሥዕል በገበታ ላይ የሠራው በዚሁ ዘመን ነው። እንግዲህ ፊደል ያልቈጠረው ምእመን ተአምሯን በጆሮው እየሰማ መልኳን በዓይኑ ያይ፣ በግንባሩም ምድር ይነካ ነበር። ሥዕል ከግድግዳ ጌጥነት አልፎ የሥርዓት ክፍል ሆነ። ሥርዓት ከሆነ ደግሞ ትእዛዝ ሆነ፤ ችግሩም የመጣው ከዚህ ነው።

የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል ብለው ለንጉሡም ለሥዕሉም አንሰግድም አሉ። ዜና መዋዕሉ የማርያምና የመስቀል ጠላቶች ያደርጋቸዋል። የራሳቸው ገድል ግን ሌላ ይናገራል፤ የሁለቱ ጽሑፎች ቃል አይገጥምምና አንዱን ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም። በ1454 ገደማ፣ የካቲት 2 ቀን፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ በድንጋይ ተወገሩ። ከ38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን በመስቀል በዓል፣ በሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ ብለው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። የከተማው ስም የመጣው ከዚህ ብርሃን ነው። ስሙን የሚጠራ ሁሉ የካቲት 2ን አያስታውስም።

የሚያስደንቀው ግን ወዲያው የሆነው ነው። የዚህ ማኅበር ገዳም ጕንደ ጕንዴ በ15ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜና በ16ኛው መጀመሪያ በሐረግና በሥዕል ያጌጡ እጅግ ያማሩ መጻሕፍትን አወጣ፤ በውስጣቸውም የማርያም መልክ አለ። ስለዚህ ጥላቻቸው ለሥዕል አልነበረም ማለት ይቻላል፤ እንቢታቸው በትእዛዝ ለሚደረገው ስግደት ነበር።

ዜማ እንዲህ ያለ ክርክር አላስነሣም። የቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በከበሮና በጸናጽል፣ በመቋሚያም ዝማሜ ከዘማሪው ከራሱ አካል ይወጣሉ፤ ከፊቱ ቆሞ ስገድልኝ የሚል ነገር የለም።

በ1531 ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ከጣርማ በር በስተ ሰሜን ባለው በአንጾኪያ የክርስቲያኑን ጦር ድል አደረጉ። በዚያ ጦርነት ዓመታት አብያተ ክርስቲያናት ከነሥዕላቸውና ከነመጻሕፍታቸው ተቃጠሉ፤ ዜማውም በጥቂት መምህራን ልብ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ በዓፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም የድጓውን ምልክት እንደ ሠሩ ይተረካል። ምልክቱም እስከ ዛሬ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል።