ከጥርስ ሕክምና በኋላ ሳይነስ ውስጥ የቀረ ባዕድ ነገር

ከላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ሥር በላይ፣ በጉንጭ አጥንት ውስጥ፣ አየር የያዘ ክፍተት አለ፤ የጉንጭ ሳይነስ ይባላል። በአንዳንድ ሰዎች ሁለቱን የሚለየው አጥንት በጣም ስስ ነው። ስለዚህ ጥርስ ሲነቀል የተሰበረ ሥር፣ የጥርስ ሙሌት ወይም ኢምፕላንት ወደ ሳይነሱ ሊገባ ይችላል። ይህ በጥንቃቄ በሚሠራ ባለሙያ እጅም ሊያጋጥም ይችላል።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

• በአንድ በኩል ብቻ የአፍንጫ መታፈንና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ
• በዚያው በኩል የጉንጭ ሕመም ወይም የመክበድ ስሜት
• ሲጠጡ ውሃ በአፍንጫ መውጣት (ይህ በአፍና በሳይነሱ መካከል ቀዳዳ መኖሩን ያመለክታል)

ምልክቱ ከሕክምናው ወራት ወይም ዓመታት ቆይቶ ሊጀምር ይችላል። እንደ መንዝና ግሼ ባሉ ብርዳማ ደጋዎች «ብርድ ነው» ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል። ጉንፋን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም አፍንጫ ይይዛል፤ በሁለት ሳምንት ገደማም ይሻላል። በአንድ በኩል ብቻ ሆኖ፣ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተሽሎ የሚመለስ «ሳይነስ» ካለብዎ ጥርስ መታከምዎን ለሐኪሙ ይንገሩ። ብዙ ጊዜ ምርመራው የሚዘገየው ይህ ሳይነገር በመቅረቱ ነው።

ምርመራ

የጥርስ ራጅ ሊጠቁም ይችላል፤ ትክክለኛ ቦታውን በደንብ የሚያሳየው ግን ሲቲ ስካን ነው። እርጉዝ ከሆኑ አስቀድመው ይናገሩ።

ሕክምና

መድኃኒት ኢንፌክሽኑን ያበርዳል እንጂ ባዕዱን ነገር አያስወጣም። የሙሌት ቅሪት ደግሞ በሳይነሱ ውስጥ ፈንገስ ተጠራቅሞ እንዲያድግ ሊያደርግ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው በሁለት ዋና መንገዶች ይሠራል፦

1. በአፍንጫ በኩል፦ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ (ኢንዶስኮፕ)። ፊት ላይ ቁስል አይኖርም።
2. በአፍ ውስጥ፦ ከላይኛው ከንፈር ሥር፣ ከድዱ በላይ ተከፍቶ። ከ1890ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ዘዴ ሲሆን ለትልቅ ነገር ዛሬም ያገለግላል።

ቀዳዳ ካለ አብሮ ይዘጋል፤ ካልተዘጋ ኢንፌክሽኑ ይመለሳል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ

ለሁለት ሳምንት ያህል አይናፈጡ፤ ሲያስነጥስዎ አፍዎን ይክፈቱ። በስትሮ አይጠጡ፤ አያጭሱ። የታዘዘልዎን መድኃኒት ይጨርሱ።

የት ይሄዳሉ?

በአቅራቢያዎ ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይጀምሩ። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ለሚመጡ ቀጣዩ ደረጃ ደብረ ብርሃን ነው፤ ካስፈለገ ወደ አዲስ አበባ ይላካሉ። የአንገት በላይ ወይም የአፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም ያይዎታል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ የሪፈር ወረቀቱን፣ የቀድሞ ራጅዎንና የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ስም ይያዙ።

ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ

የዓይን አካባቢ ካበጠ፣ እይታ ከደበዘዘ ወይም ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ከከባድ ራስ ምታት ጋር ካለ፣ አንገት ከደረቀ ወይም ታማሚው ከተወናበደ ቀጠሮ አይጠብቁ። ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንጎል ተዛምቶ ሊሆን ይችላል።