እንግዳዋና ሞግዚቷ

ጎበዝ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወሬው የጉኑኖ ነው። ለማታውቋት፣ ጉኑኖ ከወላይታ ሶዶ በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለች የዳሞት ሶሬ ወረዳ ከተማ ናት። አፈሯ ቀይ፣ ደጇ ሁሉ እንሰት፣ ሰዋ ከመሬቷ የበዛ። መንገደኛ ልምላሜዋን አይቶ «እዚህ አገር ደግሞ ማን ይራባል?» ይላል። የወላይታ ረሃብ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ለብሶ ይመጣል። የበልግ ዝናብ የቀረ ዓመት ስኳር ድንቹ ይከሽፋል፣ በቆሎው ገና ነው፣ ጎተራው ባዶ ነው። ከሩቅ የሚያይ ግን ቅጠሉን እንጂ ሆዱን አያይም።

ወደዚህች ከተማ አንዲት እንግዳ መጣች። ስም አልሰጣትም፤ አንዲት ሴት አይደለችምና። ከሶዶ እስከ አረካ ከተወራላቸው የሚስዮን በጎ ፈቃደኞች ቀንጭቤ፣ አንዷን ከአንዷ አዳብዬ ያቆምኳት ናት። የሕፃናት ማሳደጊያውም እንደዚያው፤ ከየቤቱ የለቀምኩትን ጉኑኖ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ውሸት ነው የሚለኝ ካለ አንዱ ማሳደጊያ ገብቶ ሳምንት ይዋል።

ልጅቱ ኮሌጅ ገና መጨረሷ ነው። በአገሯ ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆማ «ጌታ ወደ አፍሪካ ልኮኛል» አለች፤ ምእመናኑ ጸለዩላት፣ አለቀሱላት፣ ገንዘብ አዋጡላት። ሻንጣዋን በኳስ፣ በቀለም እርሳስና በከረሜላ ሞልታ ለሦስት ሳምንት ተነሣች። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ፣ በሆሳዕና አድርጋ ሶዶ አደረች። በማግስቱ የዳሞታን ተራራ ከነጉሙ ፎቶ አንሥታ ጉኑኖ ስትደርስ የመንገዱ ልጆች «ፈረንጅ! ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ መኪናዋን ተከተሉት። የፈለጉት ባዶውን የውሃ ፕላስቲክ ነበር። እሷ የእንኳን ደህና መጣሽ ዘፈን መሰላትና እጇን እያወዛወዘች አብራ «ሃይላንድ!» አለች።

አትሳቁባት፤ ልቧ ንጹሕ ነው።

የማሳደጊያው ቀን የሚጀምረው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ልጅቱ ተኝታለች። የተነሣችው ሞግዚቷ ናት፤ ልጆቹ «እማዬ» የሚሏት። ሌሊት የረጠበውን አንሶላ ትሰበስባለች፤ እርጥቡን ባሕር ዛፍ እፍ እያለች ታቀጣጥላለች፤ ቢጫዎቹን ጀሪካኖች በእግሯ ነካ ነካ እያደረገች ውሃ መኖሩን ታያለች። ለትንንሾቹ ሙቅ፣ ለትልልቆቹ ገንፎ ወይም የተቀቀለ ጎደሬ። አንዱ አተኮሰው፤ አንዷ አንድ እግር ጫማዋ ጠፋ፤ አንዱ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ በሩ ላይ ተለጥፏል። ሞግዚቷ ትኩሳቱን ትታ ጫማውን ፍለጋ ስትሮጥ ብታዩ አትፍረዱባት። በዚህ ቀይ አፈር ላይ ዓመት ከዓመት በባዶ እግር የሄደ ሰው እግሩ የሚያብጥበት ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ ወላይታ ደግሞ በደንብ ያውቀዋል።

ሁለት ሰዓት ላይ ልጅቱ ቁርሷን በልታ ትወጣለች። የጧት ጸሎት አለ፣ መዝሙር አለ፤ በወላይትኛ ሲዘመር ቃሉን ባታውቀውም ታጨበጭባለች። ከዚያ ኳስ፣ ቀለም መቀባት፣ ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝኛ ፊደልና የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ። የዳዊትና የጎልያድ ታሪክ ይበዛል። የመጣው ሁሉ እሱኑ ስለሚያስተምር ጎልያድ በዚያ ቤት ስንት ጊዜ እንደሞተ ልጆቹ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

ልጆቹ ደግሞ በገባች በሰዓቱ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። ማታ ለእናቷ «እንዴት እንደሚወዱኝ ብታዪ!» ብላ ጻፈች። እኔ እዚህ ላይ ዝም ብዬ አላልፍም። እናቱ ያለችውን ሕፃን እንግዳ ፊት አቅርቡት፤ ቀሚሷ ሥር ይሸጎጣል፣ በአንድ ዓይኑ አጮልቆ ያያል፣ እስኪለምድ ድረስ ንክች አያደርግም። ጤነኛ ልጅ እንዲህ ነው። ከበር የገባውን ሁሉ የሚያቅፍ ልጅ ብዙ ሰው ጥሎት የሄደ ልጅ ነው።

በገበያ ቀን አንዲት አሮጊት መጡ። ጭብጦ የምታህል ቆጮ በቅጠል ጠቅልለው ይዘዋል። ከልጅቱ ጉልበት የማይወርደው ብላቴና ሲያያቸው ወርዶ ሮጠ።

«ወላጅ የለውም አላላችሁኝም?» አለች ልጅቱ።

«አባቱ ሞቷል፤ እናቱ ሥራ ፍለጋ ከተማ ወጥታ ቀረች። እኚህ አያቱ ናቸው» አለች ሞግዚቷ።

«አያት ካለው ታዲያ ለምን እዚህ ሆነ?»

«እዚህ ስለሚበላ ነዋ፣ ልጄ። ማብላት አቃታቸው እንጂ መውደድማ መች አቃታቸው?»

ይህን ጥያቄ መንግሥትም ጠይቆታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ አደረገው፤ ቅድሚያው የቤተሰብና የዘመድ ነው። በዚያው ዘመን ግን ልጆች በገፍ ወደ ውጭ ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አሜሪካውያን ብቻ ከ15,000 በላይ የኢትዮጵያ ልጆችን በጉዲፈቻ ወስደዋል፤ ወላይታም ልጆቹን ከሸኙት አካባቢዎች አንዱ ነው። ከተወሰዱት መካከል እናት ወይም አባታቸው በሕይወት ያሉ እንደነበሩ ኋላ ታወቀ። በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን ዘጋው። እንግዶቹ ልጅ ይዘው መሄዳቸው ቀረ፤ መጥተው መሄዳቸው ግን አልቀረም።

ወላይታ እንግዳ የለመደው ደግሞ ከጥንት ነው። በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመሩት የሱዳን ኢንቴርየር ሚስዮን ቡድን ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ሶዶ አጠገብም ኦቶና ላይ ጣቢያ ተተከለ። እነዚያ ለሦስት ሳምንት አልመጡም፤ ቋንቋ ተማሩ፣ በሽተኛ አከሙ፣ ዓመታት ተቀመጡ። በሚያዝያ 1929 ጣሊያን አባረራቸው። ሲወጡ ወላይታ ውስጥ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ሚስዮናውያኑ ሁሉም ነገር ያበቃለት መስሏቸው ነበር።

አላበቃም። ጸሎት ቤት ፈረሰ፣ ሽማግሌዎች ታሰሩ፤ ዋንዳሮ ዳባሮ ሶዶ ላይ ታስረው ተገረፉ። እስር ቤቱ ቀለብ አይሰጥምና ምእመናን ከየቤታቸው ስንቅ እየተሸከሙ ይመጡ ነበር፤ ጠያቂ የሌለው እስረኛም ከዚያው ይጎርስ ነበር። ፈረንጅ አላስተባበረውም፣ ሪፖርት አልተጻፈበትም። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ምእመኑ ወደ 10,000 እንደደረሰ ራሳቸው በመጻሕፍቶቻቸው ጽፈዋል። ከዚያ በኋላማ ወላይታ ራሱ ላኪ ሆነ፤ እነ ማሄ ጮራሞ ወንጌል ይዘው ወደ ሌላ ሕዝብ ተሻገሩ፣ ከሚያስተምሩት ሰው ጋር በጉርብትና ኖሩ።

ከፈረንጆቹም ቢሆን የቆየውን ምስጋና አልነፍገውም። ዶክተር ናታን ባርሎ በወጣትነታቸው ሶዶ ያገለገሉ ሐኪም ነበሩ፤ በእርጅናቸው ተመልሰው ያንን የእግር በሽታ ማከም ጀመሩ። በየክሊኒኩ እግር የሚያጥቡትና የሚያስተምሩትም ቀድሞ ታመው የዳኑት ሰዎች ሆኑ።

ጉኑኖ ውስጥ ደግሞ ሌላ እንግዳ ነበር፤ የዝናብ መለኪያ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከሉባት። ዝናቡ ስንት ሚሊ ሜትር ጣለ፣ ጎርፉ ከማሳው ስንት አፈር ወሰደ እያሉ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመዘግቡ ኖሩ። ከጉኑኖ ማሳ የሚሄደውን አፈር ለማወቅ ያ ሁሉ ዓመት ካስፈለገ፣ የጉኑኖን ልጅ ለማወቅ ሦስት ሳምንት ይበቃል ያለው ማን ነው?

ልጅቱስ? ሄደች። መዝሙር ተዘመረላት፣ ጥለቱ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ የሆነ የወላይታ ሸማ አለበሷት፣ አለቀሰች። ብላቴናው መኪናውን እስከ አስፋልቱ ተከተለው። ሞግዚቷ እጁን ይዛ መለሰችውና «አይዞህ፣ በጥር ሌላዋ ትመጣለች» አለችው። ማጽናናቷ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ የማሳደጊያ በጎ ፈቃደኝነትና ቱሪዝም ሕፃናትን እንደሚጎዳ አስጠንቅቋል፤ ሞግዚቷ ይህን ውሳኔ አልሰማችም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በውጭ አገር ያላችሁና በክረምት ዕረፍት ልጆቻችሁን «ወላጅ አልባ ይርዱ» ብላችሁ ለመላክ የምታስቡ ወገኖቼ፣ ነርስ ወይም አናጺ ከሆኑ ይምጡ፤ ሙያቸውን ለአገሬው ሠራተኛ አስተምረው ይሂዱ። ልጆቹን ማቀፉን ለሚቆየው ሰው ይተዉለት። ለማሳደጊያው ብር ከመላካችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። መጀመሪያ፣ ልጁ አያት ወይም አክስት እንዳለውና ቤታቸው ወስደው ያሳድጉት ዘንድ በወር ስንት እንደሚበቃቸው። ቀጥሎ፣ የሞግዚቷ ደሞዝ ስንት እንደሆነ። ከዚያ የአውሮፕላን ቲኬቱን ዋጋ አጠገቡ ጻፉና እናንተው አስሉት።