ለጊዜው የተባለ ገበያ

አዲስ አበባ የገበያ ሰፈሮቿን «ተራ» ብላ ትጠራለች፤ ሸማ ተራ፣ ዶሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ። ከሁሉም ግን ከዓይን አስቀድሞ በአፍንጫ የሚታወቀው ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ ነው። ከመቂና ከዝዋይ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ከሻሸመኔ ጎመንና ድንች፣ ከአርባ ምንጭ ሙዝ የጫነው አይሱዙ በሌሊት ይገባ ነበር። ከተማው ከእንቅልፉ ሳይነቃ የወጡ ዋጋ እዚያ ተቆርጦ ያድራል።

እኔ የቦረና ሰው ነኝና ገበያ ስል በሐሳቤ የሚመጣው የመካነ ሰላም ገበያ ነው። በእኛ ደጋ ገበያ ቀን አለው። ገበሬው አህያውን እየነዳ ይመጣል፤ ሽንኩርቱን ማዳበሪያ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል፤ ሲመሽ ይበተናል። የተረፈውን ቅጠል ከብት ይለቅመዋል፤ መሬቱም ያርፋል። አትክልት ተራ ግን ዕረፍት አልነበረውም። የትናንቱ ጥቅል ጎመን ሳይጠረግ የዛሬው ይራገፍበታል፤ ተሸካሚው ኩንታል በጀርባው አዝሎ የበሰበሰውን እየረገጠ ያልፋል። ይህን ሁሉ ባየሁ ቁጥር፣ ከተማን የሚመግብ ቦታ ስለምን እንዲህ ተጣለ? እያልሁ እጠይቅ ነበር።

መልሱን ከታሪክ ፈለግሁት። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የከተማይቱ ዋና ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር ባወጣው ፕላን የሀገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። መርካቶ የተባለው ያ ነው። ገዢው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ የሠራው ገበያ ግን እስከ ዛሬ በስሙም በቦታውም ጸና።

የአትክልት ተራ ተራ የደረሰው ዘግይቶ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በሀገራችን ከተገኘ በኋላ፣ መጨናነቁ ያሰጋል ተብሎ ገበያው ለጊዜው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ጃን ሜዳ የፈረስ ግልቢያ፣ የሰልፍና የጥምቀት ሜዳ ነው። ክረምቱ ሲገባ ሄጄ አየሁት። ሣሩ ጠፍቶ ጭቃ ሆኗል፤ ጭነት መኪና ይሰምጣል፤ ሻጮች በቡትስ ቆመው ዝናብ የመታውን ቲማቲም ይለቅማሉ። ከበሽታ ለማምለጥ የመጣ ሰው በቆሻሻ መካከል ይውል ነበር።

ጥር 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ጥምቀት ነውና በዓሉ ሲቃረብ ገበያው ተነሣ፤ ሜዳውም ጸዳ። ነጋዴዎቹ ሃይሌ ጋርመንት ወደ ተሠራላቸው ስፍራ ሄዱ። ታቦቱ የሚያርፍበት መሬት መጽዳቱ ደግ ነው፤ አንባቢዬ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ያ መሬት ሊጸዳ የሚችል እንደ ነበር ያን ጊዜ ሁላችንም አየን። ክረምቱን ሙሉ በጭቃው ውስጥ ለቆሙት ሰዎች ግን አካፋ የሚያነሣ አልተገኘም ነበር።

«ለጊዜው» የሚለው ቃል የሚከፋኝ ስለዚህ ነው። ለጊዜው በተባለ ቦታ ቦይ የሚቆፍር፣ ድንጋይ የሚያነጥፍ የለም። ሽንኩርቱ ግን በየሌሊቱ ይመጣል፤ የሚያራግፈውም ሰው አለ።