ሦስተኛው ሰው፦ ከካዛንቺስ እስከ ሜልቦርን በብስክሌት

ዛሬ ረዘም ያለች ጽሑፍ ናት ያመጣሁላችሁ። ቡና ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ስለ ብስክሌት ጉዟችን ፎቶ ለጥፌ «ታሪኩን በሰፊው እመለስበታለሁ» ብዬ ነበር። በውስጥ መስመር «የት ደረሰ ታሪኩ?» እያላችሁ ስትጨቀጭቁኝ ሰነበታችሁ። ይኸው መጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ ካሉት ልጆች የተወሰኑት ተወልደው ያደጉት ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ በ2017 መጀመሪያ ላይ ሲፈርስ ቤተሰቦቻቸው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዱ። አንዳንዶቹ ልጆች ግን ትምህርት ቤታቸውን መልቀቅ አልሆነላቸውም። ጓደኛቸው እዚህ ነው፣ መምህራቸው እዚህ ነው፣ ትዝታቸው እዚህ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ይመላለሳሉ። የትራንስፖርቱ ወጪ ደግሞ ቤት ያቃጥላል።

አምስት ሆንን። ሦስት መምህራን፣ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እና የግቢያችን ጥበቃ የሆኑት ጋሼ። ልጆቹ በታክሲና በባስ የሚመላለሱበትን መንገድ ከካዛንቺስ ጀምረን በብስክሌት ልንሄደው ተስማማን። እያንዳንዳችን ዘመድ ወዳጁን «ከደረስኩ ይህን ያህል ትሰጣለህ» እያለ ቃል አስገባ። ሐሳቡ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

እኔ ደግሞ የታሪክ መምህር ነኝ አይደል? ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት «ብስክሌት በቡድን መንዳት እኛ አገር ታሪኩ ምንድን ነው?» ብዬ ሳገላብጥ ከረምኩ። ያገኘሁት ነገር ጉዞውንም ሥራዬንም በሌላ ዓይን እንዳየው አደረገኝ። እስቲ አብረን እንየው።

ከስሙ እንጀምር። «ካዛንቺስ» የአማርኛ ቃል አይደለም። ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የሚባል ተቋም ነበራቸው። አዲስ አበባን በያዙ ጊዜ ለሹማምንቶቻቸው እዚያ አካባቢ ቤት ሠሩ፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። የኛ ሰው በአፉ አሽቶ ካዛንቺስ አደረገው። ቤቱ ለነሱ ታስቦ ነበር የተሠራው፣ የኖረበት ግን ሌላ ሰው ሆነ።

ብስክሌቱም እንደዚያው ነው። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ አንድ ብስክሌት ሲፈታ ቁሙና ስሙ። ካቴና፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ። ጎሚስታ የሚለው ቃል ራሱ የጣልያን ነው። ወራሪው በ1933 ወጣ፣ ቃሉ ቀረ። በልጅነታችን ሳንቲም አጠራቅመን ለአንድ ዙር ብስክሌት የተከራየን ሁሉ የጣልያንኛ ትምህርት ያለ ክፍያ ወስደናል ማለት ነው።

ወደ ውድድሩ ስንመጣ መነሻው አስመራ ነው። ጣልያኖች እዚያ የብስክሌት ውድድር ሲያካሂዱ የአገሬው ልጅ ከነሱ ጋር እንዲወዳደር አይፈቅዱም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቢሸነፉስ? እ.ኤ.አ. በ1939 ግን አንድ ውድድር ላይ አብረው ተሰለፉና ገብረማርያም ገብሩ የሚባል ኤርትራዊ አሸነፈ። የበላይነት ወሬያቸው በሁለት ጎማ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1946 ደግሞ ጂሮ ዴላ ኤርትሪያ የሚባለው ዙር ውድድር ተጀመረ።

አሁን ወደ ሜልቦርን እንሂድ። ወቅቱ ኅዳር 1949 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ የተሰለፈችበት። የሄዱት 12 ስፖርተኞች ናቸው፣ በሁለት ስፖርት፦ በሩጫና በብስክሌት። አዎ፣ በብስክሌት! ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ተማሪዎቼ «ቲቸር እየቀለዱ ነው?» ይሉኛል። ማሞ ወልዴን ያውቁታል፤ እሱም የመጀመሪያ ኦሎምፒኩ እዚያ ነበር። ገረመው ደንቦባን፣ መስፍን ተስፋዬን፣ ፀሐዬ ባህታን እና ኃይሉ ፋናን ግን የሚያውቅ አላጋጠመኝም። የአበበ ቢቂላ የሮም ድል ገና አራት ዓመት ይቀረው በነበረ ጊዜ ባንዲራችንን በኦሎምፒክ ጎዳና ላይ በብስክሌት ያዞሩት እነዚህ ናቸው።

ውድድሩ ኅዳር 28 ነበር፣ ርዝመቱ ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ። የግል ወርቁን የጣልያኑ ኤርኮሌ ባልዲኒ ወሰደ። እኔን ያስገረመኝ ግን የቡድኑ ውጤት አቆጣጠር ነው። በጥንቃቄ አንብቡልኝ፣ የጽሑፌ ፍሬ እዚህ ጋ ነው።

እያንዳንዱ አገር እስከ አራት ጋላቢ ያሰልፋል። ከአራቱ ቀድመው የገቡት የሦስቱ ደረጃ ይደመራል። ድምሩ ያነሰው ያሸንፋል። ባልዲኒ አንደኛ ሆኖ አገሩ ጣልያን የቡድን ወርቁን አላገኘችም። ወርቁን የወሰደችው ፈረንሳይ ናት፤ ሰዎቿ 2ኛ፣ 8ኛ እና 12ኛ ወጡ፣ ድምሩ 22። እንግሊዞች 3ኛ፣ 6ኛ እና 14ኛ ወጡ፣ ድምሩ 23። በአንዲት ነጥብ! የፈረንሳዩ ሦስተኛ ሰው ሁለት ደረጃ ወደኋላ ቢንሸራተት ወርቁ አብሮት ይንሸራተት ነበር። እሱን ማን ያስታውሰዋል? ማንም። ወርቁን የወሰነው ግን እሱ ነው።

ቡድን የሚለካው በአንደኛው ሰው አይደለም ማለት ነው። በሦስተኛው ነው።

ይህ ነገር ሲገባኝ ማስታወሻ ደብተሬን ዘጋሁና ብቻዬን ሳቅኩ። እኛ መምህራን ስንገመገም፣ ወላጅ ሲጠይቀን፣ በሩ ላይ ባነር ሲሰቀል የምናወራው ስለ አንደኛዋ ልጅ ነው። «ይህን ያህል አመጣች!» ሦስተኛው፣ ሠላሳኛው፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ልጅ ውጤታችን ውስጥ የሌለ ይመስለናል።

ቆይ ግን፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 1952 ዓ.ም.፣ ሮም። እኛም የብስክሌት ቡድን ልከን ነበር፤ የአበበ ድል ዝናውን ሁሉ ስለወሰደው ተረሳ እንጂ። በዚያ ኦሎምፒክ አዲስ ውድድር ገባ። አራት ሰው አብሮ 100 ኪሎ ሜትር ይጋልባል፣ የቡድኑ ሰዓት የሚያዘው ሦስተኛው ሰው ሲገባ ነው። ደንቡ ግሩም ነው፤ ደካማውን ጥሎ መሄድ አይቻልም። ተራ በተራ ከፊት ሆኖ ነፋሱን መስበር የግድ ነው። ከኋላ የሚከተል ሰው ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጥባል። የደከመው ከኋላ ያርፋል፣ ያረፈው ወደፊት ይወጣል።

የዚያን ቀን ሙቀቱ 40 ዲግሪ ገደማ ነበር። ከዴንማርክ ቡድን አንዱ ቀድሞ አቋረጠ። ሦስት ቀሩ። ሦስተኛው፣ ክኑድ ኢነማርክ የንሰን የሚባል የ23 ዓመት ወጣት፣ አዞረው። እሱ ካቆመ ቡድኑ በሙሉ ወደቀ። ጓደኞቹ ምን አደረጉ? ግራና ቀኝ ደግፈው ያዙት፣ ውኃ ረጩበት፣ ወደፊት ገፉት። ትንሽ የተሻለው ሲመስላቸው ለቀቁት። ወደቀ። በዚያው ቀን ሞተ። የሞቱ ምክንያት ለብዙ ዓመት አከራክሯል።

በጓደኞቹ አልፈርድም። የሚያደርጉትን ለክፋት አላደረጉትም። ግን ይህን ካነበብኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ሦስተኛውን ሰው የምንደግፈው ለሱ ብለን ነው ወይስ ቁጥራችን እንዲሞላ?

ይህ ጥያቄ በተለይ ለበጎ አድራጎት ነገር ይሠራል። ብስክሌት እየነዱ ለተቸገረ ገንዘብ ማሰባሰብ በዓለም ላይ ብዙ የተለመደ ነው። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፓን ማስ ቻሌንጅ የሚባለው ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1980 በ36 ሰዎች ነበር የተጀመረው፤ ለካንሰር ሕክምናና ምርምር 10 ሺህ ዶላር ገደማ ሰበሰቡ። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይነዱበታል። እኛ ዘንድ በእግር ነው የለመድነው። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ ሕዝቡ ቲሸርቱን ለብሶ ይወጣል፣ ለበጎ አድራጎትም ገንዘብ ይሰበሰብበታል። በ2011 «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ደግሞ መኪና የሌለበት አስፋልት ላይ ብስክሌት እንደ ልብ መንዳት ምን እንደሚመስል ቀመስን።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የኛም ልጅ አለበት። ጽጋቡ ግርማይ። ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ በሐምሌ 2008። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 የጋለበው ለደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን ኩቤካ ነው። ኩቤካ በነሱ ቋንቋ «ወደፊት መሄድ» ማለት ሲሆን፣ ለገጠር ተማሪዎች ብስክሌት የሚሰጥ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስም ነው። ቡድኑ ያንን ስም ደረቱ ላይ ጽፎ ነበር ዓለምን የሚዞረው። ልጆቹ ብስክሌቱን እንዲሁ በምጽዋት አይቀበሉትም፤ ችግኝ ተክለው፣ ቆሻሻ ሰብስበው፣ ትምህርታቸው ላይ በርትተው ያገኙታል። ያ ብስክሌት ደግሞ ለጨዋታ አይደለም። ሁለት ሰዓት በእግር የሚሄድ ልጅ ቶሎ ደርሶ ሳይደክመው እንዲማር ነው። ልጁ በራሱ ጉልበት ይሄዳል፣ ሌላው መንገዱን ያቀልለታል። ነፋስ መስበር ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደራሴ ልምጣ። መናዘዝ ያለብኝ ነገር አለ።

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከካዛንቺስ ተነሳን። ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ በቅሎ ቤት፣ ጎተራ። እኔ ከፊት ነበርኩ። አንድ እጄ ስልክ ይዟል፣ ላይቭ ገብቻለሁ! «ወዳጆች ይኸው እየነዳን ነው!» እያልኩ። ይህን ሁሉ ስለ ሦስተኛው ሰው ያነበብኩት ሰውዬ እኮ ነኝ። ሳሪስ ደርሰን ዞር ስል አራት ነን። ጋሼ የሉም።

ተመለስን። ጎተራ አካባቢ አንድ ጎሚስታ ጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ካቴናው ተበጥሶ በእጃቸው ይዘውታል፣ እጃቸው በግሪስ ጠቁሯል። ደውለውልኛል ለካ። እኔ ላይቭ ላይ ስለነበርኩ አላነሳሁም። አልተቆጡም። ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ለልጆቹ ነው ወይስ ለስልኩ ነው የምትነዳው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም።

ካቴናው ተቀጠለ። ስልኬን ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ሰጠሁና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ እየተፈራረቅን ከፊት ሆንን፣ ጋሼን መሃል አደረግን። ፍጥነቱን የሚወስኑት እሳቸው ሆኑ። ቃሊቲ አልፈን ስንደርስ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። በመኪና ሲሄዱት የማይታወቅ ዳገት ሁሉ አለው መንገዱ።

እዚያ ከጠበቁን ልጆች አንዱ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጠራም። ይህን ልጅ እኔ ብዙ ጊዜ በር ላይ አስቁሜዋለሁ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኔ ነበር፣ እሱ ሁልጊዜ ያረፍዳል። «ሰዓት የማታከብር ከሆነ ምን ልታከብር ነው?» ብዬ ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት ተናግሬዋለሁ። ስሙ ላይ የቀሪ ምልክት ሳደርግ እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር። የዚያን እሁድ ግን የሱን መንገድ በእግሬ ጡንቻ አወቅኩት። ከንጋቱ በፊት ተነስቶ፣ ሰልፍ ቆሞ፣ ሁለቴ ተሳፍሮ ነው የሚመጣው። ልጁ አያረፍድም። ከኛ ሁሉ ቀድሞ ነው የሚነሳው።

ውኃ አቀበለኝ። «ቲቸር ደከምዎት አይደል?» አለኝ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

የሰበሰብነው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ለጥቂት ልጆች የአንድ ሴሚስተር ትራንስፖርት ይሸፍናል። ቃል የገባችሁና የሰጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ገና ያልሰጣችሁም አላችሁ፣ እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ ስም አልጠራም።

ከገንዘቡ ሌላ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ሰኞ ዕለት ፕሮግራም የሚያወጣውን መምህር ለምኜ የዚያን ክፍል የታሪክ ክፍለ ጊዜ ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው አዛወርኩ። ወጪው ዜሮ ብር። ልጁ ከዚያ ወዲህ ከኔ ትምህርት አንድ ቀን አልቀረም። ለካ ብስክሌት ሳልነዳም ይህን ማድረግ እችል ነበር። ግን ካልነዳሁ አላየውም ነበር።

እስቲ እናንተም በየሥራችሁ አስቡት። በናንተ ቡድን ውስጥ ሦስተኛው ሰው ማን ነው? ዞር ብላችሁ ያያችሁት መቼ ነው?

እነ ገረመው ደንቦባን የሚያውቅ ዘመድ ወይም የድሮ ፎቶ ያላችሁ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ለተማሪዎቼ ላሳያቸው እፈልጋለሁ። የሚቀጥለውን ጉዞ መቀላቀል የምትፈልጉም በውስጥ መስመር አናግሩኝ። ብስክሌት ከሌላችሁ እንፈልጋለን። አንድ ደንብ ብቻ አለን፤ ከፊት የሚነዳ ሰው ስልክ አይዝም።

ቸር ያሰንብተን።