ለጌምና ለቪዲዮ ቅንብር የሚውል ኮምፒውተር፦ የፕሮሰሰርና የማከማቻ አመራረጥ

ለጌምና ለቪዲዮ ቅንብር የሚውል ኮምፒውተር ከተራ የቢሮ ኮምፒውተር ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ገዢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የዕቃውን ዝርዝር መግለጫ አንብቦ መረዳት ይኖርበታል። በገበያ ላይ «ኮር አይ7፣ 1 ቴራባይት» የሚል አጭር ማስታወቂያ ይታያል። ይህ መግለጫ ፕሮሰሰሩ የስንተኛው ትውልድ እንደሆነም ሆነ የማከማቻውን ዓይነት አይገልጽም። የኮምፒውተሩን ፍጥነትና የአገልግሎት ዘመን የሚወስኑት ግን እነዚሁ ያልተገለጹት ነገሮች ናቸው።

1. የፕሮሰሰሩን ትውልድ መለየት

በኢንቴል ኮር የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ትውልዱን ያመለክታል። ቁጥሩ ባለ 4 አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያው አሃዝ፣ ባለ 5 አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ትውልዱን ይገልጻሉ። ለምሳሌ ኮር አይ7-4770 እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ 4 ኮር ያለው የ4ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ነው። ኮር አይ5-12400 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ 6 ኮር ያለው የ12ኛው ትውልድ ነው። «አይ5» ከ«አይ7» ያነሰ ቢመስልም፣ እዚህ ላይ አዲሱ አይ5 ከአሮጌው አይ7 በእጅጉ ይፈጥናል።

ትውልዱ የሚወስነው ፍጥነትን ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በአመዛኙ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከኤኤምዲ ራይዘን 2000 ተከታታይ ጀምሮ ያሉትን ነው። በመሆኑም ያገለገለ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ከዚህ በታች የሆነውን ባይመርጥ ይመከራል።

2. ፕሮሰሰሩን ከሥራው ጋር ማጣጣም

ሀ. ለጌም፦ በአብዛኞቹ ጌሞች ወሳኙ የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነትና የግራፊክስ ካርዱ አቅም ነው። እንደ ራይዘን 5 5600 ያለ ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር ለብዙው ተጠቃሚ በቂ ነው፤ የሚተርፈው ገንዘብ ለግራፊክስ ካርዱ ቢውል የበለጠ ውጤት ያስገኛል።

ለ. ለቪዲዮ ቅንብር፦ የተቀናበረውን ቪዲዮ አጠናቅቆ የማውጣት ሥራ ብዙ ኮሮችን በአንድ ጊዜ ስለሚጠቀም 8 ኮርና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ስማቸው በ«ኤፍ» ፊደል የሚያበቃ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የላቸውም። ስለዚህ የተጨመቀ ቪዲዮን የሚያፈጥነው የኢንቴል ክዊክ ሲንክ አገልግሎት አይገኝባቸውም፤ ያለ ግራፊክስ ካርድም ምስል አያሳዩም።

ሐ. ለላፕቶፕ ገዢዎች፦ በስሙ መጨረሻ «ዩ» ያለው ፕሮሰሰር ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ ሲሆን፣ «ኤች» ያለው ለከባድ ሥራ የታሰበ ነው።

3. የማከማቻ ዓይነቶች

• ሀርድ ዲስክ፦ በሰከንድ ከ100 እስከ 250 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ዋጋው ከመጠኑ አንጻር ዝቅተኛ በመሆኑ ያለቁ ሥራዎችን ለማስቀመጥ ይስማማል።
• ሳታ ኤስኤስዲ፦ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። አሮጌ ኮምፒውተርን ለማደስ ጥሩ አማራጭ ነው።
• ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ፦ እንደ ዓይነቱ በሰከንድ 3,500 ወይም 7,000 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። ለሥርዓተ ክወናው፣ ለጌሞችና በእጅ ላለ የቅንብር ሥራ ይመከራል።

ኤም.2 የተባለው መሰኪያ ሳታ ወይም ኤንቪኤምኢ ሊሆን ስለሚችል፣ ማዘርቦርዱ የትኛውን እንደሚቀበል አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

4. የሚያስፈልገውን መጠን ማስላት

በሰከንድ በ100 ሜጋቢት የተቀረጸ የ1 ሰዓት ቪዲዮ 45 ጊጋባይት ቦታ ይይዛል። የ4 ሰዓት የሠርግ ቀረጻ በሁለት ካሜራ ቢቀረጽ 360 ጊጋባይት ይሆናል ማለት ነው። ከ100 ጊጋባይት በላይ የሚይዙ ጌሞችም አሉ። ስለዚህ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ለዕለት ሥራ፣ 2 ቴራባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሀርድ ዲስክ ለማኅደር መያዝ ተመጣጣኝ አደረጃጀት ነው። ኤስኤስዲ ሲሞላ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ቢያንስ አንድ አሥረኛውን ባዶ መተው ይገባል።

በጀቱ ውስን ከሆነ ቅድሚያ ለፕሮሰሰሩ ቢሰጥ ይሻላል። ማከማቻ በኋላም ሊጨመር ይችላል፤ የ4ኛው ትውልድ ማዘርቦርድ ግን የ8ኛውን ትውልድ ፕሮሰሰር አይቀበልም።

5. ከክፍያ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

• ኮምፒውተሩን አስከፍቶ በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስምና የዲስኩን ዓይነት ማየት፤
• 1 ቴራባይት ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ገደማ ሆኖ መታየቱ በአቆጣጠር ልዩነት የሚመጣ እንጂ ጉድለት አለመሆኑን ማወቅ፤
• ያገለገለ ዲስክ የሠራበትን ሰዓትና ጤንነቱን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነጻ ፕሮግራም መመልከት፤
• ዋጋው ከገበያው እጅግ ዝቅ ያለ ተንቀሳቃሽ ዲስክን በጥንቃቄ ማየት። ሐሰተኛ ዲስክ የሌለውን መጠን እንዳለው አድርጎ ያሳያል፤ እውነተኛው መጠን ሲያልፍ ፋይሎች ይጠፋሉ ወይም ይበላሻሉ። ይህን ለማረጋገጥ ዲስኩን ሞልቶ መልሶ የሚያነብ የፍተሻ ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል።

የኢንቴል 13ኛ እና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር የሚመርጥ ሰው የማዘርቦርዱን ባዮስ ማሳደስ አለበት። ኢንቴል በአንዳንዶቹ ላይ የታየውን ያለመረጋጋት ችግር ለመከላከል እ.ኤ.አ. ከነሐሴ ወር 2024 ጀምሮ ማሻሻያ አውጥቷል።

6. የመረጃ ደኅንነት

በሥራ ላይ እያለ የሚቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይል በመጻፍ ላይ ያለን ፋይል ሊያበላሽ ስለሚችል ዩፒኤስ መጠቀም ይመከራል። የደንበኛ ሥራም ሆነ የቤተሰብ ቀረጻ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ መቀመጥ የለበትም፤ ሁለተኛው ቅጂ በተለየ ዲስክ፣ ከተቻለም በሌላ ቦታ ይቀመጥ።

7. ደረሰኝና ቅሬታ

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ገዢው የፕሮሰሰሩ ሙሉ ሞዴል፣ የማከማቻው ዓይነትና መጠን እንዲሁም የዋስትናው ጊዜ በደረሰኙ ላይ ወይም በተያያዘ ሰነድ እንዲጻፍለት ይጠይቅ። የቀረበው ዕቃ ከተጻፈው የተለየ ሆኖ ከተገኘ፣ ሳይዘገይ በቅድሚያ ለሻጩ፣ መፍትሔ ካልተገኘም ደረሰኙን ይዞ በአካባቢው ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል።