ከጋፋት መድፍ እስከ መጫወቻው መንኮራኩር

የአንድ አገር የቴክኒክ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የሠሪው ስም ነው። ድልድዩን ማን ዘረጋው፣ መድፉን ማን አቀለጠው፣ ሞተሩን ማን አስመጣው ተብሎ ይጠየቃል። ሥራው ካለቀ በኋላ መሣሪያውን በየቀኑ የሚያስነሣው፣ የሚያቆመው፣ ድምፁን እያዳመጠ ጉድለቱን አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ግን ከታሪኩ ውጭ ይቀራል። የሰው ሕይወት የሚወድቀው ግን በዚሁ ስሙ በማይነሣው ሰው እጅ ላይ ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች በተከፈቱ የመዝናኛ ሥፍራዎች የሚሽከረከሩ ወንበሮች፣ የሚወዛወዙ ጀልባዎችና ሽቅብ የሚዞሩ መንኮራኩሮች ሕፃናትን ተሸክመው ሲሠሩ ይታያል። በበዓል ቀን ወላጅ ለልጁ ትኬት ሲቆርጥ የማሽኑን ቀለምና ከፍታ ያያል እንጂ ከቁልፉ አጠገብ የቆመው ወጣት ምን ተምሮ እንደ ቆመ አይጠይቅም። ይህ ጥያቄ አዲስ ይምሰል እንጂ ሥሩ ጥንታዊ ነው። ከመቶ ስልሳ ዓመት በፊት በደብረ ታቦር አጠገብ ተነሥቶ ነበር፤ በወቅቱ ተገቢውን መልስ ባለማግኘቱም ከባድ ዋጋ አስከፍሏል።

ጋፋት ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኝ ሥፍራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በስዊስ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡትን ቴዎፍሎስ ቫልድማየርን፣ ዛልሙለርን፣ ቤንደርንና ባልደረቦቻቸውን ያሰፈሩት በዚህ ቦታ ነበር። እነዚህ ሰዎች የመጡት ወንጌል ሊያስተምሩ እንጂ መድፍ ሊያቀልጡ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲሠሩላቸው ባዘዙ ጊዜም ሙያው እንደሌላቸው ተናግረው ነበር። ትእዛዙ ግን የሚመለስ አልሆነም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ እቶኑ እንደገና ተሠራ፤ ቅርጹ እንደገና ተበጀ። በመጨረሻም የቀለጠው ነሐስ ወደ ቅርጹ ወርዶ መድፍ ሆኖ ወጣ። በ1859 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው ታላቁ ሴባስቶፖል ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር። በጋፋት የተሠራው መድፍ ብቻም አልነበረም፤ መድፉን የሚሸከም ባለ መንኮራኩር ጋሪና ጋሪው የሚያልፍበት መንገድ ጭምር ነበር።

በጋፋት ከአውሮፓውያኑ ጋር የሠሩ፣ ከሰል ያከሰሉ፣ ወናፍ የነፉ፣ ብረት የቀጠቀጡና ጭቃ ያቦኩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ነበሩ። ወጣቶች ሙያውን እንዲማሩ ወደዚያ ተመድበዋል። ይሁን እንጂ ስማቸው በታሪክ መዝገብ ላይ እምብዛም አይገኝም። ለዚህ አንዱ ምክንያት በጊዜው የነበረው አመለካከት ነው። ብረት የሚያቀልጠው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ሸማኔ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ እየተባለ ይናቅ ነበር፤ ቀጥቃጩም ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። የተናቀ ሙያ ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ በምስጢር ይተላለፍ ይሆናል እንጂ ትምህርት ቤት አይከፈትለትም፣ መጽሐፍ አይጻፍለትም፣ ደንብም አይወጣለትም።

ዐፄ ቴዎድሮስ መሣሪያ መሥራትና በመሣሪያ መጠቀም ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን የተረዱ ይመስላል። በ1858 ዓ.ም. ሚስዮናዊው ፍላድ ወደ እንግሊዝ በተላከ ጊዜ ከተጠየቁት ባለሙያዎች መካከል ጠመንጃ ሠሪ፣ ብረት አቅላጭና ጋሪ ሠሪ ብቻ ሳይሆኑ መድፍ መተኰስ የሚያውቅ መኰንንም ነበረበት። ከእንግሊዝ የተላኩት ሠራተኞች ምጽዋ ደርሰው ሳለ የሁለቱ መንግሥታት ጠብ ስለ ከረረ ወደ ደጋው ሳይወጡ ተመለሱ። መድፎቹ ተሠርተው ሳሉ የተኳሾቹ ትምህርት ሳይሟላ የቀረው በዚህ መንገድ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በጅጣና በበሽሎ ሸለቆዎች በኩል መንገድ እየተቆረጠ፣ ሴባስቶፖል በ500 ያህል ሰዎች በጠፍር እየተጐተተ ወረደ፤ ወጣም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እየተሸከሙ፣ ከፊት ቆመው እያዘዙ ያሠሩ እንደ ነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። ያን የመሰለ ጭነት በገደል አፋፍ ላይ ያለ አንድ አዛዥና ያለ አንድ ምልክት አይንቀሳቀስም። የላይኛው ሲስብ የታችኛው ቢለቅ፣ አንዱ ቁም ሲል ሌላው ሂድ ቢል፣ መድፉ ጐታቾቹን ይዞ ገደል ይገባ ነበር። በዚህ ረገድ የመቅደላው ጉዞ በዲሲፕሊን የተመራ ታላቅ የምህንድስና ሥራ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ ጦርነቱ ሲጀመር ግን ሌላው ሙያ ተፈተነ። ከፋላ አምባ ላይ የተተኰሱት ጥይቶች አብዛኞቹ በእንግሊዝ ወታደሮች አናት ላይ አልፈው ሄዱ። ከፍ ካለ ቦታ ወደ ታች ለመተኰስ የሚያስፈልገው የአንግል ስሌት ልምምድ ይጠይቃልና። በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተጠራው ትልቅ መድፍ ደግሞ ከመጠን በላይ ባሩድ ጐርሶ ስለ ነበር ገና ሲተኰስ እንደ ፈነዳ ተጽፏል። ብዙ ዓመት የተደከመበት ነሐስ በአንድ የልክ ስሕተት ተሰነጠቀ። የጦርነቱ ውጤት በዚህ ብቻ ተወሰነ ማለት አይቻልም፤ የእንግሊዝ ጦር ጠመንጃም፣ ስንቅም፣ ሥልጠናም ነበረው። ነገር ግን መሣሪያን ያህል ነገር ሠርቶ የጉርሻውን ልክ ለሚያጐርሰው ሰው አለማስተማር ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚያ ወዲህ በነበረው ዘመን ትምህርቱ በተሟላበት ሥፍራ ኢትዮጵያዊው የማሽን አንቀሳቃሽ ብቃቱን አስመስክሯል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አብራሪዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ከአሥር ዓመት ጥቂት አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመንገደኞች አውሮፕላን በአዛዥነት ለማብረር በቁ። ለዚህ ያበቃቸው ድፍረት ብቻ አይደለም። አብራሪ ከመነሣቱ በፊት የፍተሻ ዝርዝር በእጁ ይዞ በየነጥቡ ያረጋግጣል፤ በየጊዜው ይፈተናል፤ ፈቃዱ ይታደሳል፤ ጥርጣሬ ሲኖረውም አልነሣም የማለት ሥልጣን አለው።

የመዝናኛ ማሽን አንቀሳቃሽ ከዚህ የሚያንስ ኃላፊነት የለበትም። የተሳፈሩት ሕፃናት ናቸው፤ ማሽኑም ሰውን ለማስደንገጥ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ በደስታ ጩኸትና በጭንቅ ጩኸት መካከል ያለውን ልዩነት መለየት ያለበት እርሱ ነው። ጥንት በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በገመድ በታሰረ ዥዋዥዌ የሚገፋው ጓደኛ ስለ ነበር የልጁን ፊት እያየ ይገፋ ነበር። አሁን የሚገፋው ሞተር ነው፤ ሞተር ፊት አያይም።

በእንግሊዝ አገር አልተን ታወርስ በተባለው የመዝናኛ ሥፍራ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 2015 የደረሰው አደጋ ለዚህ ምስክር ነው። ባዶ ሠረገላ በሐዲዱ ላይ ቆሞ ስለ ቀረ የመቆጣጠሪያው ኮምፒዩተር ቀጣዩን ሠረገላ በትክክል አቁሞት ነበር። ሠራተኞቹ ግን ማቆሚያው የተሳሳተ መስሏቸው ትእዛዙን ሽረው አስነሡት። 16 ሰዎች የተሳፈሩበት ሠረገላ ከቆመው ጋር ተጋጨ፤ አምስት ሰዎች ክፉኛ ተጐዱ፤ ከእነርሱም ሁለቱ እያንዳንዳቸው አንድ እግራቸውን አጡ። ፍርድ ቤቱ በቀጣዩ ዓመት በድርጅቱ ላይ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ሲጥል ጥፋቱ የግለሰብ ሠራተኞች ሳይሆን በቂ የአሠራር ሥርዓት ያላበጀው ድርጅት መሆኑ ታውቋል። በፋላ አምባ ላይ ባሩዱን ያበዛው ሰው ላይም ይኸው ፍርድ ይሠራል፤ ልኩን ያልነገሩት ሰው አጥፊ ከመባሉ በፊት ያላስተማረው ይጠየቃል።

እንግዲህ ሥልጠናው ምን ይሁን ቢባል ዋና ዋናዎቹ ነገሮች የታወቁ ናቸው። በየጠዋቱ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ብሎኑ፣ ብየዳው፣ ፍሬኑ፣ ቀበቶውና የድንገተኛ ማቆሚያው ይመረመራል፤ ማሽኑም ባዶውን ይዞራል። ሲጫን ክብደቱ በመንኮራኩሩ ግራና ቀኝ ይመጣጠናል፤ የሕፃኑ ቁመት ይለካል፤ የመቀመጫው መዝጊያ በዓይን ሳይሆን በእጅ ተስቦ ይረጋገጣል። ሲዞር የአንቀሳቃሹ ዓይን ከተሳፋሪው፣ እጁም ከማቆሚያው አይርቅም፤ ቦታውን ላልሠለጠነ ጓደኛው አይለቅም። መብራት በድንገት ሲጠፋ ከላይ የቀሩትን ሰዎች በእጅ ኃይል እንዴት እንደሚያወርድ አስቀድሞ ይለማመዳል። የሆነውን ሁሉ በመዝገብ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዓለም አቀፍ የደረጃ ሰነድ አይኤስኦ 17842 ከማሽኑ ዲዛይን ሌላ ለአንቀሳቀሱም የተለየ ክፍል መድቧል። በኢትዮጵያም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ የማሳወቅና የማስተማር ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የሙያ ብቃት ምዘናም በአገሪቱ የተለመደ አሠራር ሆኗል። የጐደለው እነዚህን አገናኝቶ የመዝናኛ ማሽን አንቀሳቃሽነትን የሚመዘንና የሚከበር ሙያ ማድረግ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን የማቆም ሥልጣን ነው። ወረፋው ረዝሞ፣ ባለቤቱ ገቢውን እየቈጠረ፣ ሕዝቡ እየጮኸ ሳለ «ዛሬ አይሠራም» ማለት የሚችለው ሙያው የተከበረለት ሰው ብቻ ነው። ቁልፍ ተጫኝ እየተባለ የሚናቅ የቀን ሠራተኛ ይህን ለማለት አይደፍርም። የጥንቱ ንቀት ስሙን ለውጦ መመለሱ ይህ ነው።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ ይገኛል፤ ምሳሌውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም በጋፋት ስም ይጠራል። ስሙን መውረስ መልካም ነው። ውርሱ የሚሟላው ግን ከዚያ የሚወጣው መሐንዲስ ማሽኑን ሠርቶ ሲያስረክብ፣ የጉርሻውን ልክና የማቆሚያውን ሥልጣን አብሮ ለአንቀሳቃሹ ሲያስረክብ ነው።