በክልከላ ውስጥ የተተወ በር፦ የበጎ አድራጎት ዕጣና የፈቃድ ታሪክ በካናዳ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የፈቃድ ወረቀት ነው፤ አንድ ማኅበር ገንዘብ ለማሰባሰብ የዕድል ጨዋታ እንዲያካሂድ መንግሥት ስለሚሰጠው ፈቃድ። ስፍራው ካናዳ፣ በተለይም አልበርታ የተባለችው ክፍለ ሀገር ናት። በኤድመንተንና በካልጋሪ ከተሞች የሚኖሩ የስደተኛ ማኅበራት፣ የአገራችን ሰዎች ያቋቋሟቸውም ጭምር፣ ከሚተዳደሩባቸው የገቢ ምንጮች አንዱ ይኸው ስለሆነ ርእሱ ከምናስበው በላይ ወደ ቤታችን የቀረበ ነው።

የካናዳ የወንጀል ሕግ በ1892 እ.ኤ.አ. ተጠቃሎ ሲወጣ ሎተሪን ከልክሏል። ዳሩ ግን ሕጉ አንዲት ጠባብ በር ትቷል። ለበጎ አድራጎት በሚዘጋጅ ባዛር ላይ ዕቃ በዕጣ ማውጣት ይቻላል፤ የከተማው ምክር ቤት ወይም ከንቲባው ከፈቀደ፣ ዕቃው አስቀድሞ ለሽያጭ ቀርቦ ከነበረና ዋጋው ከ50 ዶላር ካልበለጠ። እነዚህን ቃላት በጥሞና ብናነብባቸው ፈቃድ ሰጪው የሚያድለው መብት አለመሆኑን እንረዳለን። ድርጊቱ በመሠረቱ ወንጀል ነው፤ ወረቀቱ ከወንጀልነት የሚያወጣው የገንዘቡን መድረሻ አይቶ ነው። ዛሬም ድረስ የካናዳ ሕግ አጥንት ይኸው ነው።

በዚህ ረገድ አማርኛችን ከሕጉ ይልቅ ረቂቅ ይመስለኛል። «ዕጣ» ስንል ማትያስ ከሐዋርያት ጋር የተቆጠረበትን፣ የዕቁብ ተራ የሚለይበትንና የሎተሪ ቲኬቱን በአንድ ቃል እንጠራለን፤ «ቁማር» የሚለውን ግን ለብቻው አቆይተነዋል። ዕቁብ በዕጣ ቢወጣም ቁማር አይባልም፤ ተራው ይዘገይ እንደሆነ እንጂ የሚከስር አባል የለምና። የካናዳው ሕግ አውጪ ግን ከጨዋታው ባሕርይ ይልቅ ትርፉ የሚውልበትን ጉዳይ መለያ አደረገ። በእኛም አገር ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ከጣልያንኛ የተዋስነው «ቶምቦላ» የበጎ አድራጎት ማኅበራት በፈቃድ የሚያካሂዱት የገቢ ማሰባሰቢያ ስም ሆኖ ቀርቷል።

ወደ ካናዳ እንመለስ። ለውጡ የመጣው ከበጎ አድራጊዎች ጩኸት ይልቅ ከመንግሥታት የገንዘብ ጥማት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሞንትሪያል ከንቲባ ዣን ድራፖ ከ1967ቱ ዓለም አቀፍ ትርኢት የተረፈውን ዕዳ ለመክፈል በ1968 እ.ኤ.አ. ወርኃዊ ዕጣ ጀመሩ። ስሙንም ሎተሪ ሳይሆን «የውዴታ ግብር» አሉት። ሁለት ዶላር የከፈለ ሰው ዕጣው ቢወጣለት ሽልማቱን ከመቀበሉ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲመልስ ይደረግ ነበር፤ ይህም ጨዋታው የዕውቀት ነው ለማለት ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን አልተታለለም፤ ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ። የሚያስገርመው በዚያው በ1969 የወንጀል ሕጉ መሻሻሉ ነው። አዲሱ ድንጋጌ መንግሥታት ራሳቸው ሎተሪ እንዲያካሂዱ፣ የበጎ አድራጎትና የሃይማኖት ድርጅቶችም ከክፍለ ሀገሩ ፈቃድ እያወጡ እንዲሠሩ ፈቀደ። የ50 ዶላሩ ባዛር ዘመን በዚህ አበቃ። በ1985 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣኑን ለክፍለ ሀገሮች ለቀቀ፤ እነርሱም በምትኩ ለ1988ቱ የካልጋሪ የክረምት ኦሊምፒክ 100 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

አልበርታ ከዚህ ሥልጣን ተነሥታ የራሷን ሥርዓት ዘርግታለች። ፈቃድ ያገኘ ማኅበር ተራው ሲደርስ በአንድ ካዚኖ ውስጥ ለሁለት ቀን የጨዋታው ባለቤት ይሆናል። ካርታ አዳዮቹ የካዚኖው ሠራተኞች ናቸው፤ ገንዘብ ተቀባዩ፣ የጨዋታ ቺፕ አመላላሹና በቆጠራ ክፍል የሚቀመጡት ግን ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የማኅበሩ ሰዎች ናቸው። ተራው በትልልቅ ከተሞች ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። አንድ ማኅበር መጥፎ ሌሊት ገጥሞት ባዶ እጁን እንዳይመለስም የአካባቢው ካዚኖዎች የሩብ ዓመት ገቢ በአንድ ቋት ይሰበሰብና በዚያ ጊዜ ለተሳተፉት ሁሉ እኩል ይከፋፈላል። እንግዲህ በአዳራሹ ውስጥ ዕድሉን የሚሞክረው ተጫዋቹ ብቻ ነው፤ ማኅበሩ ከቁማር ተጠብቆ የቁማር ገቢ ያገኛል።

ለእኛ ይበልጥ ትምህርት ያለው ግን ፈቃዱ ማኅበሩን ምን እንደሚያደርገው ነው። በጎ አድራጎት ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ካናዳ የእንግሊዝን ሕግ ወርሳለች። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ1891 በፔምሰል ጉዳይ አራት ዘርፎችን ለይቷል፦ ድኅነትን ማቃለል፣ ትምህርትን ማስፋፋት፣ ሃይማኖትን ማስፋፋት፣ እንዲሁም ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ሌላ ዓላማ። ከዚህ ጋር ጥቅሙ ለሕዝብ መሆን አለበት፤ አባላት እርስ በርስ የሚረዳዱበት ማኅበር በዚህ ሚዛን በጎ አድራጊ አይባልም። ዕድራችንን በዚህ ሚዛን ብናስቀምጠው ይወድቃል። ሟች የሚቀብርና ኀዘንተኛ የሚያጽናና፣ በእኛ ዘንድ የደግነት ዓይነተኛ ምሳሌ የሆነው ተቋም በዚያ ሕግ ፊት የግል ጥቅም ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ያለ ማኅበር ፈቃድ ከፈለገ ዓላማውን ለጎረቤቱ ሁሉ በሚጠቅም ቋንቋ መጻፍ፣ ቦርድ መምረጥ፣ የገቢውን ሒሳብ ለብቻው መያዝና እያንዳንዱን ወጪ ለተቆጣጣሪው ማስረዳት ይኖርበታል። የቀብር መዋጮው በአንድ በኩል፣ የቋንቋ ትምህርቱና የአዳራሹ ኪራይ በሌላ በኩል ይቆማሉ። መተዳደሪያ ደንቡን የጻፉት አባላቱ ናቸው፤ ክፍፍሉን ያሰመረው ግን የፈቃዱ መስፈርት ነው።

በገንዘቡ ላይ የኅሊና ክርክር አለ፤ መኖሩም ተገቢ ነው። ቁማር በሃይማኖታቸው የተከለከለባቸው ሙስሊሞችና አጥብቀው የሚቃወሙ ፕሮቴስታንቶች ከዚህ ገቢ መራቃቸው እንደ ግትርነት ሊታይ አይገባም። በጠረጴዛው ዙሪያ የሚከስረው ሰው ማኅበሩ ሊረዳው ከተቋቋመለት ሰው ጋር አንድ ሊሆን ይችላል። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ካዚኖው ያለ እነርሱም እንደማይዘጋ፣ ገንዘቡም ወደ ሌላ ኪስ እንደሚገባ ይከራከራሉ። እኔ ይህ መልስ ለጥያቄው ይበቃል ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን አዳራሽ የሌለውን ማኅበር ከሩቅ ሆኖ መውቀስም ቀላል ነው።

በመጨረሻ ለተመራቂ ተማሪዎች አንድ ነገር ላመልክት። ይህ ሥርዓት ብዙ ወረቀት ያስከትላል፦ ማመልከቻ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የበጎ ፈቃደኞች ስም ዝርዝር፣ የወጪ ሪፖርት። የስደት ታሪክን የሚጽፍ ሰው በአብዛኛው የሚመካው በቃል ምስክርነት ላይ ነው። በእነዚህ መዝገቦች ውስጥ ግን አንድ ማኅበር በየጊዜው ለምን ዓላማ ገንዘብ እንደፈለገና ምን ላይ እንዳዋለው በቁጥር ሰፍሮ ይገኛል። በየማኅበሩ ጸሐፊ ቤት በካርቶን ታሽጎ የተቀመጠው ከመጥፋቱ በፊት ቢሰበሰብ መልካም ነው። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።